እንቁላሏ እስክትበላ ድረስ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዶሮ በበዓል ቀን እንቁላል ብትጥል፣ ያቺ እንቁላል በዚያው ዕለት ትበላለች ወይስ አትበላም? «ታዲያ ምን ችግር አለው? ጥበሷትና ብሏት!» ያላችሁ ሰዎች ጤነኞች ናችሁ፤ ጤናችሁን ይጠብቅላችሁ። እኔ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የበረዶ ወራት ሙሉ ከዚህች እንቁላል ጋር ተኝቼ ከዚህችው እንቁላል ጋር ተነሥቻለሁ። የታክሲ ተራ አስነጥቃኛለች፣ ከሚስቴ ጋር አነታርካኛለች፣ አንድ ከረባት ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛም ከአውሮፕላን አስቀርታብኛለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ገና አልተቀቀለችም ነበር።

ከሥሩ ልጀምር። እኔ የጎንደር ሰው ነኝ፤ ከቤተ እስራኤል ወገን። በሱዳን በኩል ወጥቼ፣ ዕጣዬ አሜሪካ ሆኖ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ታክሲ እየነዳሁ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖር ነበር። ይህን ያህል መንገድ መመላለሴ ለምኩራቡ ስል ነው፤ በሰንበት መኪና ስለማንነዳ በእግር የሚደረስበት ቦታ መኖር አለብን። እኛ አገር የምናውቀው ኦሪትን ነው፤ እሱንም በግዕዝ። አጎቴ ቄስ ነበሩ፤ የእኛም ካህናት ቄስ ነው የሚባሉት። እሳቸው ዘንድ ጎበዝ ተማሪ ማለት አፉ የፈጠነ ነው፤ የእኔ አፍ ደግሞ ልጓም አልነበረውም። ቆሜ ስወርደው የሰፈሩ ሴቶች እልልታውን ያቀልጡት ነበር። ምን እንዳልኩ ገብቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ለእኔም አልገባኝም።

አሜሪካ ስመጣ ሌላ መጽሐፍ ቆየኝ። የጥንት ሊቃውንት በሕጉ ላይ የተከራከሩት ሁሉ የተጻፈበት፣ ጥራዙ መደርደሪያ የሚሞላ መጽሐፍ ነው፤ ለእኛ ጨዋታ «ክርክሩ» እያልኩ ልጥራው። ገጹ መሐል ላይ ክርክሩ አለ፤ ዙሪያውን ማብራሪያ እንደ ግቢ አጥር ከቦታል፤ የማብራሪያው ማብራሪያ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «አልተስማማሁም» ይላል። ለብቻ አይጠናም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ እየተጯጯሁ ነው። አጥኚዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። ሯጮች አሉ፤ በየቀኑ አንድ ቅጠል ያነባሉ፣ ገባቸውም አልገባቸውም ነገ ሌላ ቅጠል አለ። ቆፋሪዎችም አሉ፤ አንዲት መስመር ላይ ቁጭ ይሉና ውኃ እስኪወጣ ይቆፍራሉ። እኔ በትውልዴ ሯጭ ነኝ። የምኩራባችን ረቢ ያጣመረኝ ግን ከቆፋሪዎች ንጉሥ ጋር ነው።

ሚስተር ፊሸል ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦሜትሪ አስተማሪ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለዚያች እንቁላል የሚያወራውን ጥራዝ ገዝቼ እንድመጣ አዘዙኝ። ቀጭን ነበር፤ ደስ አለኝ። ቤት ወስጄ ስገልጠው ግን በገጽ ሁለት ይጀምራል። ገጽ አንድ የለም! «አበሻ ነው ብለው ቅጠል ጎድሎት የቀረውን ሸጡልኝ» አልኩና ደሜ ፈላ። ሱቁ ድረስ ተመልሼ ሻጩን አፋጠጥኩት። ሁሉም ጥራዝ የሚጀምረው በገጽ ሁለት እንደሆነ ነገረኝ። አላመንኩትም፤ መደርደሪያውን አንድ ባንድ አስወርጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ለሚስተር ፊሸል ስነግራቸው አልሳቁም።

«ማንም ሰው ‘ከመጀመሪያው ጀምሬ ዐውቀዋለሁ’ ብሎ እንዳይኩራራ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ገጽ ሁለትን ጀመርን። የመስከረም በዓላት አለፉ፣ ገጽ ሁለት ላይ ነን። የዛፉ ቅጠል ረገፈ፣ ገጽ ሁለት ላይ ነን። በረዶ ጣለ፣ አካፋ ይዤ መኪናዬን ቆፍሬ አውጥቼ ስመጣ ገጽ ሁለት እንደተገለጠ ይጠብቀኛል።

«እንቁላሏ ለምን አትበላም?» ይላሉ።

«ሊቁ አትበላም ስላሉ።»

«ለምን አሉ?»

«በበዓል ቀን ስለተጣለች ነዋ።»

«ትናንት እናቷ ሆድ ውስጥ አልነበረችም?»

«ነበረች።»

«ታዲያ የትናንት ናት የዛሬ?»

እኔ ዶሮ ያረባሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ዶሮዋም ተጠይቃ አታውቅም። «ሚስተር ፊሸል፣ ትንሽ ወደ ፊት ብንል ምናልባት መልሱን እዚያ እናገኘው ይሆናል» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና «የቸኮለ ሰው መልሱን ያገኛል፤ ጥያቄው ግን ይጠፋበታል» አሉኝ። የእኛም ሰው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። አፍሼም ቢሆን ብለቅም ደስ ባለኝ፤ እኛ ግን ገና አልጨበጥንም።

አንድ ዓርብ ባለቤታቸውን ሚስስ ፊሸልን ገበያ አደረስኳቸው። ሲመለሱ ከታክሲው አልወረዱም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

«ባለቤቴ የበኩር ልጅ ነው» አሉኝ።

እኔም የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ ገባኝ። የግብፅ በኩሮች ሲሞቱ የእኛዎቹ ስለተረፉ፣ እዚህ አገር የበኩር ልጆች በፋሲካ ዋዜማ ይጾማሉ። ግን አንድ መውጫ አለ። በዚያን ጠዋት ምኩራብ ውስጥ አንድ ሰው ከክርክሩ አንዱን ጥራዝ አጥንቶ ከጨረሰ ድግስ ይሆናል፤ በድግሱ ላይ የተገኘ በኩር ሁሉ አፉን ያብስና ይበላል። በየምኩራቡ ጎበዝ አንባቢ የሚወደደው ለእውቀቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

«ስኳር አለበት» አሉ ሚስስ ፊሸል። «ባለፈው ዓመት ጾሞ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀ፤ እኔ ነኝ ያነሣሁት። ሀኪሙ ከለከለው። ረቢውም ‘ለአንተ ተፈቅዷል’ አለው። እሱ ግን ‘ፈቃድ አልለምንም’ ይላል። የሌሎችን ድግስ ደግሞ አይበላም፤ ‘ሮጠው ነው የጨረሱት፣ በሩጫ ላይ እንጀራ አልቆርስም’ ነው የሚለው። ከአንተ ጋር ከጨረሰ ግን ምን ይላል? እባክህ፣ ለፋሲካ አድርስልኝ። ዘንድሮ ከወደቀ አይነሣም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ የሰው እንባ አልችልም። «እጨርሳለሁ!» አልኩ፤ ገጽ ሁለት ላይ ያለ ሰው መሆኔን ረስቼ። በሰንበቱ ረቢው ቆሞ «ለፋሲካ ዋዜማ ጥራዝ የሚጨርስልን ማነው?» ሲል እጄ ብቻዋን ወጣች። ሚስተር ፊሸል ዞረው አዩኝ። ያ አስተያየት ስንቱን ተማሪ ከሰሌዳ ሥር እንዳቀለጠው እግዜር ይወቅ።

ከጸሎት በኋላ ክንዴን ያዙኝ። «ጥሩ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሯችን እንቆፍራለን። የቀረውን አንተ እንደፈለግህ ሩጠው። በዕለቱ ግን ደስ ያለኝ ገጽ ላይ ጣቴን አኖራለሁ። ምን እንዳለ ሳይሆን ለምን እንዳለ ትነግረኛለህ። ከነገርኸኝ እበላለሁ። ካልነገርኸኝ እናንተ ብሉ፣ እኔ እጾማለሁ።»

ወንድ ልጅ ቃሉን ከሰጠ ምን ይሆናል? ይሮጣል። የእንግሊዝኛ ትርጉም ያለበትን እትም መሪው ላይ ዘርግቼ አየር ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የፖቶማክ ድልድይ ለመርከብ ሲነሣ ሌላው ሹፌር ይራገማል፣ እኔ ገጽ አገላብጣለሁ። ችግሩ እኔ በአፌ ካልሆነ ማንበብ አልችልም፤ ጎንደር እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ወገቤን እየነቀነቅሁ ነው። አንድ ቀን ከኋላዬ ያለው የጡሩምባ መዓት ይጮኻል፣ እኔ የሚከራከሩት ሊቃውንቱ መስለውኝ አፌን ጨምሬ ጮኽሁ። የአዲስ አበባው ልጅ ጋሽ ደምሴ፣ የታክሲዎቹ ሽማግሌ፣ መስኮቴን ደበደቡት።

«ስማ እንጂ! ላይኑ ሙቭ ካደረገ ቆየ፤ ተራህን ሚስ አደረግኸው! ምን ሆነሃል፣ ዳዊት እየደገምህ ነው?»

«እንቁላል ነው ጋሽ ደምሴ።»

«እንቁላል ምን ሆነ?»

«በበዓል ቀን ተጥላ...»

«በል ተወው» አሉና ወደ ሌሎቹ ሹፌሮች ዞረው፣ «ይሄ ልጅ ቫኬሽን ያስፈልገዋል» አሉ።

መጽሐፉን በእጄ መያዝ ለማልችልበት ጊዜ ትምህርቱን በካሴት ገዛሁ። አስተማሪው ብቻውን ሆኖ የሁለቱንም ወገን ድምፅ እያወጣ ይጮኻል። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው አሌክሳንድሪያ ላይ ጫንኩ፤ አውሮፕላን ይዞ ሊሄድ ቸኩሏል። ትንሽ ካዳመጠ በኋላ «እነዚህ ሰዎች በምን ተጣሉ?» አለኝ። ነገርኩት። አየር ማረፊያ ደረስን፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ፤ «ቆይ፣ በመጨረሻ ተበላች?» አለ። ካሴቱ አለቀ፤ አገላብጬ ጀርባውን ከተትኩለት። እግሩን መልሶ አስገባ። አውሮፕላኑ ሲያመልጠው እንኳን ያን ያህል አልተናደደም፤ ያናደደው እንቁላሏ ሳትወሰን ካሴቱ ማለቁ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ በረዶው ሳይቀልጥ ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር ወረድኩት። እየፎከርኩ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ለፋሲካ ቤቱን መፈተሽ ጀምራ ነበር። በበዓሉ እርሾ የነካው ነገር ቤት ውስጥ አይገኝም፤ ትርንጎ ደግሞ እርሾን እንደ ሌባ ነው የምታድነው። ሶፋውን ገልብጣ ፍርፋሪ ትለቅማለች።

«ጨረስኩ!» አልኳት።

«እሰይ! በል ምን ይላል?»

አፌን ከፈትኩ። «ይላል... እንቁላል...» አልኩ። ሌላ ምንም አልወጣም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። ያ ሁሉ ገጽ የለም፤ የቀረኝ ጋሽ ደምሴና ከረባታሙ ሰውዬ ብቻ ናቸው። እውነት ለመናገር በጣም ፈራሁ። ሚስተር ፊሸል ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው ታዩኝ።

ግን እኔ ግትር ነኝ፤ ከገባሁበት ሳልወጣ አልመለስም። ታክሲ መንዳት ስጀምርስ እንዴት ነበር? መጀመሪያ ከተማውን ዝም ብዬ ዞርኩት፤ ቀጥሎ ጥጋጥጉን አንድ ባንድ ተማርኩት። አሁንም እንደዚያው ነው ብዬ ተነሣሁ። ጠዋት ከሚስተር ፊሸል ጋር ቆፈራ፣ ቀን ታክሲው ውስጥ ሁለተኛ ዙር ሩጫ፣ ማታ ራት ላይ ከየገጹ አንዲት ነገር መርጬ ለትርንጎ መንገር። እሷም «ለምን?» ትለኛለች፤ ስጠላት! ሚስተር ፊሸል ጠዋት ለቀቁኝ ስል ማታ ቤቴ ውስጥ ቀሚስ ለብሰው ይጠብቁኛል።

አንድ ማታ ስለ ጎረቤታሞቹ ነገርኳት። በበዓል ቀን ሰው ከሰፈሩ ርቆ የሚሄድበት ወሰን አለው፤ ዕቃውም ባለቤቱ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። እና አንዲት ሴት ለሊጧ ጨው ከጎረቤቷ ብትበደር፣ ሊጡ ሁለቱም ሴቶች በሚደርሱበት ልክ ብቻ ይሄዳል፤ አንዷ የማትደርስበት አይደርስም። ትርንጎ ሳህኑን እያጠበች «ታዲያስ! ጨው አንዴ ከገባ ማን ለቅሞ ያወጣዋል? በእያንዳንዷ ጉርሻ ውስጥ አለችበታ» አለች። «እሺ እሺ፣ ሌላ ገጽ አለብኝ» ብዬ አለፍኳት።

ዋዜማው ደረሰ። ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ የምኩራቡ አዳራሽ በበኩር ልጅ ጢም ብሏል፤ አንዳንዶቹን ከዚያ ቀን በቀር አይቻቸው አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ቤግል የሚባለው ክብ ዳቦ፣ ኬክና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የተቀቀለ እንቁላል ተደርድሯል። ይህ ድግስ ሰዓት አለው፤ ረፋዱ ላይ እርሾ ያለበትን መብላት የሚፈቀድበት ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ የሁሉም አንድ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ አንድ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ። ሚስስ ፊሸል በሩ ጋ ቆመዋል። ሚስተር ፊሸል ፊታቸው ገርጥቷል፤ ውኃ እንኳ አልቀመሱም።

በሁለተኛው ዙር የጥራዙን የመጨረሻ መስመሮች ለዚህ ቀን አስቀርቻለሁ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ሚስተር ፊሸል እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ወሰዱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ፤ ጣታቸውን አኖሩ። አየሁት። ጎረቤታሞቹ ናቸው። ሊጡና ጨዉ!

ምን እንዳለ አንበለበልኩት። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱማ ወደ ቤግሉ እጁን ሰደደ።

«ለምን?» አሉ ሚስተር ፊሸል።

«እ?»

«አንዲት ቁንጥር ጨው! ሊጡ ሙሉ የሌላዋ ነው። ቁንጥር ጨው ይህን ሁሉ ሊጥ እንዴት ይይዘዋል?»

ከጎንደር እስከ አሌክሳንድሪያ የተመካሁበት አፍ ተለጎመ። ሚስስ ፊሸል ሻርፓቸውን ሲጨብጡ አየሁ። እዚህ ጋ ነው እልኬ የመጣው። እኝህ ሰውዬ ዛሬ ይበላሉ አልኩ በሆዴ፤ ጊዜ ለማግኘት ብቻ ጥያቄውን መለስኩላቸው።

«እርስዎስ ከዚህ በፊት ሲያጠኑት ምን ብለው ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ደርሼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«እዚህ ገጽ?»

«የየትኛውም ጥራዝ መጨረሻ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጀምር ነው የኖርኩት። አንድም ጨርሼ አላውቅም። ሳልጨርስ የሌላውን ማለቂያ ምን ብዬ ልብላ? ለዚህ ነው የምጾመው።»

ቤግሉን የያዘው ሰውዬም መልሶ አስቀመጠ። ይሄን ሁሉ ጊዜ በሩጫዬ የናቁኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሳቸው ገጽ ሁለት ላይ ብቻቸውን ቀርተው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የትርንጎ ሳህን እጥበት ትዝ አለኝ።

«ጨዉ አይታይም፤ ግን ተለቅሞ አይወጣም» አልኩ። «በእያንዳንዷ ጉርሻ ውስጥ ባለቤቲቱ አለችበት። ከእሷ ነፃ የሆነ ቁራሽ የለም። እሷ የማትደርስበት ሊጡ እንዴት ይደርሳል?»

ሚስተር ፊሸል ዓይናቸው በራ። በራ ስላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ቆፋሪ ነው የነቃው። «ጨው የሌለው ሊጥ ግን ሊጥ አይደለም?» «ይጋገራል፣ ግን ማን ይበላዋል?» «ታዲያ ጣዕም ነው የሚይዘው ወይስ ባለቤትነት?» ወንበር ሳቡ። እኔም ሳብኩ። ጠረጴዛ መደብደብ ጀመርን። ረቢው «ሰዓቱ...» አለ። እጃቸውን አወዛወዙበት። «ሚስተር ፊሸል፣ እርሾው...» «አንድ ደቂቃ!» ያቺ አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነች የሚያውቁት የተራቡት ናቸው። ስለ ሊጥ ስንጨቃጨቅ የሊጥ ሰዓት አለፈ። ቤግሉና ኬኩ ከጠረጴዛው ሲነሣ በኩሮቹ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ቆመው አዩት።

«ገባኝ» አሉ በመጨረሻ ሚስተር ፊሸል። «በል ጨርስ።»

«አብረን ነው» አልኩ። «ሊጡ የሁለታችን ነው፤ እርስዎ ካልደረሱ እኔም አልደርስም።»

የመጨረሻዎቹን መስመሮች ጣታችንን አንድ ላይ አድርገን አነበብን፤ እሳቸው እንደ እኔ ፈጠን፣ እኔ እንደ እሳቸው ዘግየት እያልን። ጥራዝ ሲያልቅ የሚባል ቃል አለ፤ መጽሐፉን «ወደ አንተ እንመለሳለን» ይሉታል። ሚስተር ፊሸል በዕድሜያቸው የመጀመሪያውን «እንመለሳለን» አሉ። እኔማ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ከድግሱ የተረፈው የሚበላ ነገር እንግዲህ እንቁላሉ ነበር። ሚስስ ፊሸል አንዷን ልጠው ሰጧቸው። ሚስተር ፊሸል ጨው ነስነስ አደረጉባትና ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ድንገት ቆሙ። እንቁላሏን ተመለከቷት። ጨዉን ተመለከቱት።

«ይሄ ጨው የማን ነው?» አሉ።

«ይብሉ!» አለ አዳራሹ በሙሉ። ሚስስ ፊሸል ደግሞ ከሁሉ በላይ «ብላ!» ብለው ጮኹ።

በሉ። ሁለተኛም ደገሙ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እኔ ወደ ሚስተር ፊሸል አፍ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። የፋሲካ በዓል አልፎ ጠዋት ምኩራብ ስገባ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ ያችኑ ጥራዝ ገልጠው፣ ገጽ ሁለት ላይ።